መንገዱ የማን ነው? ስለ አማራ ክልል የመንገድ፣ የድልድይና የውሃ ሥራዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመንገድ ሥራ ላይ ጥቂት ዓመት በተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ሲያገኘኝ ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይጀምራል። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ «ያ ድልድይ ግን ምን ሆኖ ቀረ?» ተብያለሁ። ስለዚህ ሁሌ የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምሳሌዎቹ ከአማራ ክልል ናቸው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። አሠራሩ ግን ሌላ ክልልም ብትሄዱ ብዙ አይለይም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

እኛ ጋ የሚያልፈው መንገድ ተበላሽቷል። ለማን ነው የምንናገረው?

መጀመሪያ መንገዱ የማን እንደሆነ እወቁ። ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው የወረዳን መንገድ ከፌዴራል፣ የፌዴራልን መንገድ ከከንቲባ በመጠየቅ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ላይ ክልልን ከክልል የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር አድርጎ መተማ የሚወርደው የፌዴራል ነው። በደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻና ደሴን አልፎ ወልድያ የሚዘልቀውም እንደዚያው። ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚወጣውም፣ ያ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩትና ሽማግሌው እስካሁን «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ የፌዴራል ነው። የእነዚህ ሁሉ ባለቤት የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ብዙ ሰው አሁንም «መንገዶች ባለሥልጣን» ይለዋል፤ ያው እሱ ነው።

ከዚያ ዝቅ ስንል ወረዳን ከወረዳ፣ ወረዳን ከዞን የሚያገናኘው በአብዛኛው የክልሉ መንገድ ቢሮ ነው። ቀበሌያችሁን ከዋናው መንገድ ጋር የሚያገናኘው ጠጠር መንገድ ደግሞ ወረዳው እጅ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ኮብልስቶንና የውስጥ ለውስጥ መንገድ የከተማው አስተዳደር ነው።

ችግሩ የሚመጣው የፌዴራሉ አስፋልት ከተማ መሀል ሲያልፍ ነው። አስፋልቱ የአንዱ፣ ጎኑ ያለው ቦይ የሌላው፣ ቦዩ ውስጥ ያለው ፌስታል ደግሞ የሁላችንም ይሆናል። ክረምት ላይ ውሃው ባለቤት አይለይም፤ አስፋልቱ ላይ ይወጣና ይቆፍረዋል። ከዚያ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ይጻጻፋሉ።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ክልሉ ራሱ ግብር ይሰበስባል። ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ፣ ከነጋዴው፣ ከመሬት መጠቀሚያ። ይሄ ግን ብቻውን አይበቃም። ትልቁ ድርሻ ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ድጎማ ነው። ድጎማው ለክልሎች በምን ቀመር ይከፋፈል የሚለውን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አይደለም። ቀመሩ ሁለት ነገር ያያል፦ ክልሉ ለሕዝቡ አገልግሎት ለመስጠት ምን ያህል ያስፈልገዋል፣ እና ራሱ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል።

ከዚያ ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል። ይሄ አሠራር አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው በ1995 ነው። ከዚያ በፊት ወረዳ ማለት ደብዳቤ ማስተላለፊያ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ውጪ ለተለየ ሥራ ብቻ የሚመጣ ገንዘብ አለ። ከዓለም ባንክ፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከሌሎች አገሮች በብድር ወይም በእርዳታ የሚገኝ። አባይ በረሃ ላይ ጎሐ ጽዮንን ከደጀን የሚያገናኘውና በ2001 መጀመሪያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን እርዳታ ነው የተሠራው። ሹፌሮች የድሮውን ጠባብ ድልድይ ሲያስቡ እስካሁን ያማትባሉ።

በየዓመቱ የሚጸድቀው በጀት በቢሊዮን ነው። እኛ ቀበሌ ለምን አይታይም?

ምክንያቱም አብዛኛው ደመወዝ ነው። ወረዳ ላይ ውረዱና ጠይቁ። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው፣ ፖሊሱ፣ እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት ከወረዳው በጀት ነው። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው የነዳጅ፣ የአበልና የወረቀት መግዣ ነው። ለግንባታ የሚቀረውን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ወይም ታለቅሳላችሁ፣ እንደ ሰዉ ነው።

ደመወዝ መክፈል ግን ብክነት አይደለም። መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ግድግዳ ነው። ይሄን የምለው «በጀቱን በሉት» የሚለው ወሬ ሁልጊዜ ትክክል ስላልሆነ ነው። አንዳንዴ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ ግን መጀመሪያም አልነበረም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቁጥሩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ሌላ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ! ገንዘቡ ሲፈቀድ ሰማዩ ተከፍቷል። ጨረታ፣ ግምገማ፣ ውል እያለ መስከረም ይጠባል። መሬቱ ደርቆ ማሽን የሚገባው ጥቅምት አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ግንቦት ትሯሯጣላችሁ፣ ሰኔ 30 ላይ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል። ግንቦት ላይ ድንገት ሁሉም ቢሮ ወንበርና ኮምፒውተር መግዛት ሲጀምር አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ቀበሌዎችን በመንገድ እናገናኛለን የተባለው የት ደረሰ?

በእውነት ብዙ ተሠርቷል። በ1989 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በመላ አገሪቱ የነበረው መንገድ ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ከ100 ሺህ አልፏል። ትልቁን ጭማሪ ያመጣው በ2003 የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው። እቅዱ ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት ነበር፤ ከ70 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ።

ያኔ ወጣት ምሩቃንን አደራጅቶ ተቋራጭ ማድረግ ፋሽን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ በዓመቱ ግሬደርና ሮለር ተከራይቶ መንገድ ይቆርጣል። አንዳንዱ ጎበዝ ወጣው፣ ዛሬ ትልቅ ተቋራጭ የሆነ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ገረጋንቲ፣ ማለትም ላዩ ላይ የሚደለደለውን ጠጠራማ አፈር፣ ሳያለብስ ጥርጊያውን ብቻ አስረክቦ ሄደ። ኪሎ ሜትሩ ሪፖርት ላይ ተቆጥሯል፤ መሬት ላይ ግን ሁለት ክረምት አልቆየም። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ?» ከሚለው ይልቅ «ከተሠራው ስንቱ ላይ ዛሬ አይሱዙ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፕሮጀክት ለምንድን ነው እንዲህ የሚጓተተው?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ቡና አፍሉ እላለሁ። መልሱ አንድ አይደለም።

አንደኛው ዋጋ ነው። ተቋራጩ ጨረታ ሲገባ ሲሚንቶና ብረት በነበረበት ዋጋ አስልቶ ነው። ሥራው መሀል ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ትልልቅ ውሎች የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አላቸው፤ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የማሽን መለዋወጫ፣ ጎማ፣ ሬንጅ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። በድሮው ዋጋ የፈረመ ተቋራጭ ማሽኑን ጭኖ ቢጠፋ ጥፋት ነው፣ ግን አይገርምም።

ሁለተኛው ቅድመ ክፍያ ነው። ተቋራጭ ዋስትና አስይዞ እስከ ውሉ ዋጋ 30 በመቶ ቅድሚያ ሊወስድ ይችላል። ሐሳቡ ማሽንና ዕቃ እንዲያስገባ ነው። አንዳንዱ ግን በዚያ ብር የሌላ ቦታ ሥራውን ይጨርሳል። የእናንተን ካምፕ ያጥራል፣ ዘበኛ ይቀጥራል፣ አንድ የተበላሸ ስካቫተር ያቆማል፣ በቃ። ሣሩ ሰንሰለቱ ላይ ሲበቅል ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ሦስተኛው መሬት ነው፤ በሥራው ቋንቋ «ወሰን ማስከበር» ይባላል። ለብቻው ጥያቄ ስላለው ከታች አለ።

አራተኛው ሰላም ነው። ከ2013 ጀምሮ የነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎና በዋግ ኽምራ ብዙ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አውድሟል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት ተቋራጭ ማሽኑን አምጥቶ ለማቆም ይፈራል፤ መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ አይደርስም፣ የተቋራጩን ሥራ የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ ሳይት አይወርድም። የዚህን ሂሳብ ማንም በውል ውስጥ አልጻፈውም።

አምስተኛው ጥናት ነው። አፈሩ ሳይመረመር ዲዛይን ይወጣል። ሲቆፈር መረሬ አፈር ይገኛል። ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ አፈር ላይ መንገድ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዲዛይን ይቀየራል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ማጽደቂያ ደብዳቤ ይሄዳል ይመጣል።

መንገዱ በእርሻዬ ላይ ሊያልፍ ነው። ካሳ ይገባኛል?

ይገባችኋል። ከሥራው በፊት የሚከፈል ካሳ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ በቋሚነት ለተነሣና ምትክ መሬት ላላገኘ አርሶ አደር፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈል ይላል። የቀድሞው አዋጅ 10 ነበር የሚያባዛው። ገቢው የሚሰላው ከምርቱ ስለሆነ መሬቱ ላይ ምን ዘርታችሁ ምን ያህል እንዳገኛችሁ የሚያሳይ ነገር ያዙ። የመሬት የምስክር ወረቀታችሁን አትጣሉ። ባሕር ዛፉ፣ አጥሩ፣ ጉድጓዱም ይቆጠራል። ሲቆጥሩ አጠገባቸው ቁሙ፤ የተቆጠረውን አንብባችሁ ነው የምትፈርሙት።

ድሮ ለፌዴራል መንገድ ካሳውን የሚከፍለው ፌዴራል ነበር። ነገሩ ለጨዋታ ተመቸ። አስፋልት ያልፋል የሚል ወሬ ሲሰማ በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ቤት ይበቅላል፤ የካሳው ክፍያ ከመንገዱ ዋጋ ጋር መፎካከር ጀመረ። በ2016 አዋጁ ሲሻሻል ሸክሙ ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደሮች ዞረ። እኔ ሐሳቡ ይገባኛል፤ መንገዱን የሚፈልገው ክልል ካሳውን በቁጠባ ይይዛል። ግን የሚከፍለው ብር የሌለው ክልል ምን ያደርጋል? ወይ ገበሬው በግማሽ ካሳ ይነሣል፣ ወይ መንገዱ ይቆማል። ሁለቱንም ማየት አልፈልግም።

መንገዱ ተሠርቶ ነበር፣ በሦስት ዓመቱ ጠፋ። ጥገና የማን ነው?

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

እናቴ ቀበሌ መንገድ ሲገባ እልል ተብሎ በሬ ታርዷል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንዲት ጅረት አለች፤ በበጋ ፍየል አታሰምጥም። እዚያ ላይ አንድ የሲሚንቶ ቱቦ ተቀበረ። ሁለት ክረምት አይሱዙ እየገባ ጤፍና ድንች ጫነ። በሦስተኛው ክረምት ስሄድ ቱቦው አፉ ድረስ ደለል ሞልቶታል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የተበሳ ጄሪካን፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ። ውሃው ማለፊያ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ዘለለና ወዲያ ማዶ ያለውን አፈር እንደ ቂጣ ቆርሶ ወሰደው። ሰው ቁመት የሚያህል ገደል።

አጎቴን «ጋሼ፣ ለምን አልጠረጋችሁትም?» አልኩት። «የመንግሥት መንገድ አይደል እንዴ ልጄ» አለኝ። ወረዳ ሄጄ ጠየቅሁ። «ለጥገና የተያዘ በጀት የለም» ተባልኩ። አራት ሰው በአካፋ ግማሽ ቀን ቢሠራ ያልቅ የነበረ ነገር ነው። አሁን ማሽን ይፈልጋል። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ምራት ምጥ ሲይዛት አምቡላንሱ እዚያ ገደል ጋ ቆሞ፣ እሷን በቃሬዛ አሻገሯት። ደህና ወለደች፣ ተመስገን።

ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በአገር ደረጃ አለ። በ1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቁሟል፤ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ከሊትሩ ላይ ትንሽ ሳንቲም ይሰበስባል፣ እሱም ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ሥራ ነው የሚውለው። ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተማ ይከፋፈላል። ትልቁን የሚወስደው ፌዴራል ነው፤ ከባድ መኪናውም ያለው እዚያ ነው። ወደ ቀበሌ መንገድ ሲወርድ ግን ጠብታ ነው የሚቀረው።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጥገና ማለት ዘላለማዊ ሥራ ነው። አባይ በረሃን ስትወርዱ አስፋልቱ እንደ ማዕበል ሲነሣና ሲወርድ አስተውላችሁ ይሆናል። ተራራው ራሱ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ነው። እዚያ መንገድ አንዴ ተሠርቶ አይረሳም።

ሪባን የሚቆረጠው ግን ለአዲስ ነገር ነው። ቱቦ ተጠረገ ብሎ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶችስ?

በአጭሩ። ባሕር ዳር ላይ ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቋል፤ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ ዋጋው 1.4 ቢሊዮን ብር ገደማ። አልቋል፣ ያምራል፣ ማታ መብራቱን ለማየት ሰው ይወጣል።

የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ ባቡር ሌላ ታሪክ ነው። ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ጀመረው። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተነጥፎ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይል አልደረሰውም ተብሎ ቆመ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ንብረቱ ተዘረፈ። ባቡሩ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መብራቱ በሌላ መሥሪያ ቤት ሲሠራ እንዲህ ይሆናል።

የመገጭ ግድብ ጎንደርን ውሃ ሊያጠጣ፣ ደንቢያን በመስኖ ሊያለማ ነበር የታሰበው። ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል። እስከዚያው ጎንደሬው የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው፣ ጄሪካን በጋሪ የሚያመላልስ ሰው ጥሩ ሥራ አግኝቷል።

ውሃስ? ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ፓምፑ ግን ተበላሽቷል።

የገጠር የውሃ ተቋም ሲሠራ የውሃ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ቦኖ ላይ በጄሪካን ጥቂት ሳንቲም ይሰበሰባል፣ ያ ብር ለጥገና ነው። ኮሚቴው ሒሳቡን ለሕዝብ የሚያነብበት ቀበሌ ፓምፑ ይሠራል። የማያነብበት ቀበሌ አንዲት ላስቲክ ስታልቅ ሴቶቹ ወደ ምንጭ ይመለሳሉ። መሣሪያውን ስትመርጡም መለዋወጫው ወረዳ ከተማ ላይ የሚገኝ መሆኑን ጠይቁ።

መዋጮ ግዴታ ነው? ባንከፍልስ?

ጉልበት፣ ድንጋይ፣ አሸዋ ማቅረብ የቆየ ነው፤ ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ የማይወጣ ገበሬ የለም። ገንዘብ ግን በስብሰባ ተወስኖ፣ በደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ከሌለ አትክፈሉ። ማዳበሪያ ልትወስዱ ስትሄዱ «መጀመሪያ የመንገድ መዋጮህን» የሚል ካለ ያ መዋጮ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ውጭ አገር ነው ያለነው። ገንዘብ አዋጥተን መንገድ ወይም ትምህርት ቤት ብናሠራስ?

ብዙ ሰው ከአሜሪካም ከዓረብ አገርም አድርጓል፣ ግሩም ነገር ነው። ብር ከመላካችሁ በፊት ግን ወረዳውን በጽሑፍ ሁለት ነገር አስፈርሙት። ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ የመምህራኑ ደመወዝ በየትኛው ዓመት በጀት ይያዛል? መንገዱ ሲያልቅ የሚጠግነው ማነው? ለሁለቱም መልስ ከሌለ ገና ነው። ብሩንም በአንዴ አትላኩ። መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲመታ ይህን ያህል በሉ። ፎቶ ደግሞ አይበቃም፤ የሌላ ሰው ጣሪያ ፎቶ ደርሶት ያመሰገነ ሰው አውቃለሁ።

ሳይት ላይ ሄጄ ወይም ወረዳ ገብቼ ምን ብዬ ልጠይቅ?

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አትበሉ። «በቅርቡ» ይሏችኋል።

ውሉ መቼ ተፈረመ፣ በስንት ብር፣ በስንት ቀን ሊያልቅ? እስካሁን ስንት ተከፈለ፣ ሥራው በመቶኛ ስንት ደረሰ? ክፍያው 60፣ ሥራው 25 ከሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አማካሪው ማነው፣ ሳይት ላይ የመጣው መቼ ነው? የዘንድሮ በጀት ስንት ተያዘለት? ብዙ ሥራዎች ውል አላቸው፣ የዘንድሮ በጀት ግን የላቸውም። የመሠረት ድንጋይ ብቻ ያላቸውም አሉ፤ በሪባን ተሸፍኖ የተጣለ፣ አሁን በግ የሚታሰርበት።

ሥራው አልቆ ከሆነ ደግሞ ርክክቡ ጊዜያዊ ነው የመጨረሻ በሉ። በሁለቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት አለ። በዚያ ዓመት ውስጥ የሚሰነጠቀውን፣ የሚሰምጠውን ሁሉ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ነው የሚያርመው፤ ለዚያ ብሎ የተያዘበት ገንዘብም አለ። ስለዚህ አዲሱ መንገድ የመጀመሪያ ክረምቱን ሲያልፍ ስልካችሁን ይዛችሁ ዙሩት። ስንጥቁን፣ የተዘጋውን ቱቦ፣ የተደፋውን ግንብ ከነቀኑ አንሡና ለወረዳው ምክር ቤትና ለአማካሪው በጽሑፍ አስገቡ፤ ደብዳቤው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱና ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። የመጨረሻው ርክክብ ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ «ለጥገና የተያዘ በጀት የለም» ከሚለው ቢሮ ነው የሚያርፈው።